ደቀ መዝሙርነቱን ያልተወ መምህር

በሲኒማ ቤት ወንበርም ሆነ በሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የብሩስ ሊን ፊልም ሳያይ ያደገ የከተማ ልጅ በአገራችን ጥቂት ነው። «ጌም ኦፍ ዴዝ» የተባለውን ፊልም ያዩ ሁሉ፣ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ቢጫ ልብስ የለበሰው ቀጭን ተፋላሚ በአንድ ረጅም ግንብ ውስጥ ከደርብ ወደ ደርብ እየወጣ፣ በየደርቡ ቆመው ከሚጠብቁት ዘቦች ጋር አንድ በአንድ ሲገጥም ያስታውሳሉ። ከእነዚያ ዘቦች መካከል ግንባሩን በጨርቅ ያሰረ፣ በሁለት እጁ ሁለት አጫጭር ዱላ የያዘ አንድ ሰው አለ። ብሩስ ሊ በቀጭን የቀርከሃ አለንጋ ይገጥመዋል፤ ቆየት ብለውም ሁለቱ ነንቻኩ የሚባለውን በሰንሰለት የተያያዘ ጥንድ ዱላ ያወጡና ይፋለማሉ። የተመልካቹ ዓይን ግን በዋናው ጀግና ላይ ስለሚያርፍ፣ ባለ ሁለት ዱላው ሰው ተሸንፎ ሲወድቅ ማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ አይገኝም።

ያ ሰው ዳን ኢኖሳንቶ ይባላሉ። በፊልሙ ጠላት ሆነው ቢታዩም፣ በእውነተኛው ሕይወት የብሩስ ሊ ወዳጅና ደቀ መዝሙር፣ በሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቱም በእሱ እግር ተተክተው የሚያስተምሩ ረዳቱ ነበሩ፤ በዕድሜም አራት ዓመት ያህል ይበልጡታል። ብሩስ ሊ በ1973 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና በ32 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ሲለይ፣ ዝናው እያደገ ሄዶ ስሙ በዓለም ሁሉ ተጠራ። ኢኖሳንቶ ግን ከዚያ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት፣ ስማቸው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ አዲስ መምህር ደጅ እየሄዱ፣ ዝቅ ብለው እየተቀመጡ፣ ያላወቁትን ሲማሩ ኖሩ። የፍልሚያ ጥበብ፣ ወይም በተለመደው አጠራር ማርሻል አርት፣ ብዙ ጊዜ በጉልበትና በድል ታሪክ ይተረካል። የእሳቸው ሕይወት የሚያስረዳን ግን ሌላውን ገጽ ነው፤ ይኸውም ዕውቀትን የሚፈልግ ሰው ትሕትናን ይዞ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ነው።

## በአስፓራገስ እርሻ ውስጥ የተሰወሩ ሊቃውንት

ኢኖሳንቶ የተወለዱት በ1936 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በስቶክተን ከተማ፣ ከፊሊፒናውያን ወላጆች ነው። ስቶክተን በሳን ዋኪን ሸለቆ የተቆረቆረች የእርሻ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባለው ጥቁር ደለል አፈር ላይ አስፓራገስ የተባለው አትክልት በብዛት ይበቅል ነበር። ይህ አትክልት ከአፈር ብቅ ሲል አንድ በአንድ በእጅ መቆረጥ ስላለበት፣ ሠራተኛው ረጅም መቁረጫ ይዞ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ ከማለዳ ጀምሮ በየፈሩ ሲጓዝ ይውላል። ያን አድካሚ ሥራ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የተሸከሙት ከፊሊፒንስ ደሴቶች የመጡ ወጣቶች ነበሩ።

ፊሊፒንስ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ አገዛዝ ሥር ስለ ነበረች ልጆቿ ወደ አሜሪካ ለመግባት ብዙ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ከገቡ በኋላ የጠበቃቸው ኑሮ ግን መራራ ነበር። በ1933 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ሕግ ከነጮች ጋር እንዳይጋቡ ከለከላቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ከፊሊፒንስ በዓመት ከ50 ሰው በላይ እንዳይገባ ወሰነ። ከመጡት መካከል ሴቶች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ብዙዎቹ ወንዶች ትዳር ሳይዙ፣ በሠራተኛ ሰፈርና «ትንሿ ማኒላ» በተባለው የስቶክተን መንደር ተሰባስበው አረጁ። ታናናሾቻቸው በአክብሮት «ማኖንግ» እያሉ፣ ይኸውም «ታላቅ ወንድም» እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ከእነዚህ አጎንባሽ ሠራተኞች መካከል የአባቶቻቸውን የዱላና የጩቤ ፍልሚያ ጠንቅቀው የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ጥበቡ ካሊ፣ ኤስክሪማ ወይም አርኒስ እየተባለ እንደየደሴቱና እንደየቤተሰቡ በልዩ ልዩ ስም ይጠራል። እነርሱ ግን ለባዕድ ቀርቶ ለራሳቸው ወገን ልጅ እንኳ በቀላሉ አይገልጹትም ነበር፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የቤተሰብ ምሥጢር አድርገው ጠበቁት። ኤንጀል ካባሌስ የተባሉት መምህር በ1966 ዓ.ም. በስቶክተን ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የኤስክሪማ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ለዘመናት የተዘጋ በር ነበር የተከፈተው።

> ሀብቱ ያለው ተወልደው ባደጉባት ከተማ ነበር፤ ወደ እሱ የጠቆማቸው ግን ከሌላ ወገን የመጣ መምህር ነው።

ወጣቱ ኢኖሳንቶ በዚህች ከተማ ሲያድጉ በዙሪያቸው ያለውን ሀብት አያውቁትም ነበር። ኮሌጅ ገብተው በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳና በሩጫ መም ላይ ታወቁ፤ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር የጃንጥላ ወታደር ሆነው አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ መጥተው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መምህር ሆኑ። እዚያም በሃዋይ ተወላጁ በኤድ ፓርከር ዘንድ ኬንፖ የተባለውን ጥበብ ተማሩ። የራሳቸው የፊሊፒናውያን ጥበብ እንዲመረመርና ተፈልጎ እንዲገኝ ያሳሰቧቸው ፓርከር እንደ ሆኑ ኢኖሳንቶ ይናገራሉ። እንዲህ ሆኖ ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱና፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደ ተራ ገበሬ ያዩአቸውን ሽማግሌዎች ደጅ መጥናት ጀመሩ። ካባሌስ በአጭር ርቀት የሚሠራውን «ሴራዳ» አስተማሯቸው፤ ሊዮ ጂሮን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ጫካ ከጃፓን ጦር ጀርባ ተሰማርተው በቦሎ ገጀራ የተዋጉት፣ በረጅም ርቀት የሚሠራውን ስልት አሳዩአቸው፤ ማክስ ሳርሚየንቶና በተለይም ጆኒ ላኮስቴ በብዙ ደሴቶች የተበተነውን ዕውቀት አካፈሏቸው።

## በማዕዘን የሚጀምር ትምህርት

የካሊን ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከዓይኑ ይልቅ ጆሮው ይቀድማል። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዱላ ይይዛል፤ መምህሩ ምልክት ሲሰጥም ዱላዎቹ በአንድነት ይጋጩና አዳራሹ በተመጠነ ድምፅ ይሞላል። ዱላው የተሠራው ራታን ከሚባለው በሞቃት ደን ከሚበቅል ተክል ሲሆን፣ ርዝመቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ራታን ውስጡ ክፍተት የሌለው ቃጫማ እንጨት በመሆኑ ብዙ ተመትቶ ሲያረጅ ጫፉ ይላላል እንጂ ተሰንጥቆ ስለታማ ስብርባሪ አይረጭም፤ ለልምምድ የተመረጠውም ስለዚህ ነው።

በአብዛኛው የቻይናና የጃፓን ትምህርት ቤት ተማሪው በባዶ እጅ ጀምሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ መሣሪያ እንዲይዝ ይፈቀድለታል። በካሊ ግን ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ አስቀድሞ ዱላ ይያዛል፣ ባዶ እጅ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱም ተማሪው የሚያጠናው የመምቻውን ዓይነት ሳይሆን ምቱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ስለ ሆነ ነው። ከቀኝ ትከሻ በላይ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርደው ምት አንደኛ ማዕዘን ይባላል፤ ከግራ የሚወርደው ሁለተኛ ይባላል፤ እንዲህ እየተቆጠረ በብዙዎቹ ሥርዓቶች እስከ 12 ይደርሳል። በዚያ ማዕዘን የመጣው ዱላም ሆነ ጩቤ ወይም ቡጢ፣ የሰው ክንድ የሚሄድበት መንገድ ያው ነውና፣ አንዱን መመለስ የተማረ ሰው ሌላውን ለመመለስ መሠረቱን ይዟል።

ጥንድ ሆነው የሚሠሩት ያ የድምፅ ልምምድ «ሲናዋሊ» ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከሰሌን ሽመና ነው፤ የዱላዎቹ አካሄድ እንደ ድርና ማግ የሚተላለፍ በመሆኑ። ግራ እጅ ከቀኝ እጅ እኩል እንዲያውቅ የሚያስገድድ ልምምድ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ «ኤስፓዳ ኢ ዳጋ» ሲሆን፣ በአንድ እጅ ረጅም በሌላው አጭር መሣሪያ ይያዝበታል፤ ስሙ የስፓኝ ቋንቋ መሆኑ ራሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየውን የስፓኝ አገዛዝ ያስታውሳል። የእነዚያ ደሴቶች ተዋጊዎች በ1521 ዓ.ም. በማክታን ደሴት ዳርቻ ማጄላንን የገደሉ ሕዝቦች ናቸውና፣ ጥበባቸው በጨዋታ ሜዳ እንዳልተወለደ ታሪክ ይመሰክራል። የስልታቸው ዋና ምክርም ከዚያው የጦር ሜዳ ልምድ የመነጨ ነው፦ የጠላትን አካል ከመሻት ይልቅ መሣሪያ የያዘውን እጅ ምታ፤ እነርሱ በራሳቸው አነጋገር ይህን የእባቡን መርዘኛ ጥርስ መንቀል ይሉታል።

## በቻይና ታውን የነበረው ቤት

በ1964 ዓ.ም. ኤድ ፓርከር በካሊፎርኒያ በሎንግ ቢች ከተማ ታላቅ የካራቴ ውድድር አዘጋጁ። ከተጋበዙት እንግዶች አንዱ በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በሆንግ ኮንግ ያደገው፣ በመምህር ኢፕ ማን ዘንድ ዊንግ ቹን የተማረው፣ የ23 ዓመቱ ብሩስ ሊ ነበር። እንግዳውን እንዲያስተናግዱ የተመደቡት ደግሞ ኢኖሳንቶ ነበሩ። ሁለቱ ሲለማመዱ ኢኖሳንቶ የሚያውቁት ሁሉ በዚያ ወጣት ፊት ከንቱ ሆኖ እንደ ታያቸው፣ ያንንም ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ በኋላ ዘመን ደጋግመው ተርከዋል። በዚህ ስፍራ የሰው ጠባይ ይፈተናል። ለብዙ ዓመት የደከመበት ዕውቀት ሲናወጥ አንዱ ሰው ይቆጣል፤ ሌላው ያየውን እንዳላየ ያልፋል፤ ኢኖሳንቶ ግን ከእሳቸው የሚያንሰውን ወጣት መምህሬ ብለው ተከተሉት።

በ1967 ዓ.ም. ብሩስ ሊ በሎስ አንጀለስ የቻይናውያን ሰፈር፣ በቻይና ታውን፣ ትምህርት ቤት ከፈተ። መስኮቶቹ ከውጭ እንዳይታይ የተሸፈኑ፣ በበሩ ላይ ማስታወቂያ የሌለበት፣ ተማሪውም ተመርጦ የሚገባበት ቤት ነበር። ብሩስ ሊ ለፊልም ሥራ በሚጠፋበት ጊዜ ሁሉ የሚያስተምሩት ኢኖሳንቶ ነበሩ። በዚያ ቤት የተሰጠው ትምህርት ጂት ኩን ዶ ተባለ። ከዊንግ ቹን የሰውነትን መካከለኛ መስመር መጠበቅን፣ ከምዕራባውያን ቦክስ የእግር አካሄድን፣ ከሻሞላ ፍልሚያ ደግሞ ብርቱውን እጅ ከፊት ማድረግን አዋሕዶ የያዘ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ከስልቶቹ ቁጥር ይልቅ በአመለካከቱ ላይ ነው፤ ተማሪው የሚረዳውን እንዲወስድ፣ የማይረዳውን እንዲተው፣ በዚያም ላይ የራሱን እንዲጨምር ይመከራል።

ብሩስ ሊ ይህን ነፃነት ሌሎች ወደ ደረቅ ሥርዓት እንዳይለውጡበት ስለ ሰጋ፣ በ1970 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ ዘጋ። ኢኖሳንቶ ጥቂት ሰዎችን ይዘው በቤታቸው ጓሮ ትምህርቱን ቀጠሉ። በ1972 ዓ.ም. ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደው መግቢያችን ላይ ያወሳነውን ፊልም አብረው ሠሩ፤ ነንቻኩን ለብሩስ ሊ ያስተዋወቁትም እሳቸው እንደ ሆኑ በስፋት ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ወር ብሩስ ሊ ሞተ፤ ፊልሙም ሳያልቅ ቀርቶ ለሕዝብ የታየው በ1978 ዓ.ም. ነው።

## ከመምህር ወደ መምህር

መምህሩ የሞተበት ደቀ መዝሙር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የተረከበውን አጥሮ መጠበቅ፣ ሁለተኛው መምህሩ የጀመረውን ፍለጋ መቀጠል ነው። ኢኖሳንቶ የብሩስ ሊን ትምህርት እንደ ተቀበሉት ለማስተላለፍ ተጠነቀቁ፤ ራሳቸው ግን ፍለጋውን መረጡ። በአገራችን የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት፣ የየቤቱን መምህር ተከትሎ እንደሚዞር፣ እሳቸውም የየጥበቡን ባለቤት ፈልገው ከምንጩ መቅዳት ልማዳቸው ሆነ።

የታይላንድን ቦክስ፣ ይኸውም ሙአይ ታይን፣ ጥበቡን ወደ አሜሪካ ካመጡት ቀደምት መምህራን አንዱ ከሆኑት ከቻይ ሲሪሱት ተማሩ፤ ይህ ጥበብ ቡጢን፣ ክርንን፣ ጉልበትንና ቅልጥምን ሁሉ የሚያሠራ፣ ሰውነትን በብዙ ሕመም የሚያጠነክር ነው። ከኢንዶኔዥያ የመጣውን ሲላት ከፖል ደ ቱዋርስና ከኸርማን ሱዋንዳ ተቀበሉ፤ በሲላት ተማሪው መሬት ላይ በሚታሰብ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ላይ እየተራመደ፣ የባላጋራውን ሚዛን ከሥሩ መንቀል ይለማመዳል። ፈረንሳውያን ጫማ እንደ ተጫሙ የሚራገጡበትን ሳቫት አጠኑ። ከጃፓን ደግሞ መምታትንና ትግልን ያጣመረውን ሹቶ ከዮሪናጋ ናካሙራ ተማሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ወደ ብራዚል ጁጂትሱ የገቡበት ሁኔታ ነው። የዚህ ጥበብ የትውልድ ሐረግ ወደ ጃፓን ይወስደናል። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ዓ.ም. በቶኪዮ ጁዶን መሠረቱ፤ የእርሳቸው ቤት ደቀ መዝሙር ሚትሱዮ ማኤዳ ዓለምን ዞሮ በ1914 ዓ.ም. ብራዚል ደረሰ፤ ከእሱ የተማረው ካርሎስ ግሬሲ ለወንድሞቹና ለልጆቹ አስተማረ፤ የግሬሲ ቤት ዘመዶች የሆኑት የማቻዶ ወንድማማቾችም ጥበቡን ይዘው ወደ ካሊፎርኒያ መጡ። ኢኖሳንቶ በዚያን ጊዜ ሃምሳኛ ዓመታቸውን አልፈዋል፤ በዓለም ዙሪያ መምህር እየተባሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሆኖም ነጭ ቀበቶ ታጥቀው፣ የልጅ ልጅ ሊሆኗቸው ጥቂት ከቀራቸው ጎረምሶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተንከባለሉ።

> ሃምሳኛ ዓመታቸውን ያለፉ የዓለም መምህር፣ ነጭ ቀበቶ ታጥቀው ከጎረምሶች ጋር ምንጣፍ ላይ ተንከባለሉ።

መምህራቸው ዣን ዣክ ማቻዶ በዕድሜ ከእሳቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያንሳል። ከተወለደ ጀምሮ የግራ እጁ ጣቶች፣ ከአውራ ጣቱና ከትንሿ ጣት ቁራጭ በቀር፣ አልተሟሉም። ጁጂትሱ የባላጋራን ልብስ ጨብጦ በመያዝ ላይ የተመሠረተ ጥበብ ነው፤ ማቻዶ ግን ጨብጦ መያዝ ስላልቻለ በክንዱ ማቀፍንና መጠምጠምን ተክኖ በ1999 ዓ.ም. አቡ ዳቢ ላይ በተካሄደው ታላቅ የትግል ውድድር በክብደቱ አሸናፊ ሆነ። የራሱን ጉድለት ወደ ስልት ከለወጠ ከዚህ ሰው እጅ ኢኖሳንቶ ከብዙ ዓመት ትዕግሥት በኋላ ጥቁር ቀበቶ ተቀበሉ።

## ብዙውን መዳሰስ ወይስ በአንዱ መጥለቅ

ይህ የሕይወት መንገድ ተቺ አላጣም። በአንድ ጥበብ ዕድሜያቸውን የፈጁ የጥንቱ ሥርዓት መምህራን፣ ብዙ ደጅ የሚዞር ተማሪ የሁሉን ጫፍ ነክቶ የአንዱንም ሥር ሳይዝ ይቀራል ይላሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ አዲስ የምስክር ወረቀት እየሰበሰበ በአንዱም ያልበሰለ ሰው በዚህ ሙያ ዘንድ ሞልቷል። ከብሩስ ሊ ደቀ መዛሙርት ወገንም፣ የመምህሩ ትምህርት እሱ እንደ ተወው ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት መጠበቅ አለበት የሚሉ አሉ፤ በአንጻሩ፣ ትምህርቱ ራሱ ፈልጉ ስለሚል ፍለጋውን ማቆም እሱን መካድ ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

ለፍርዱ የሚረዳን የኢኖሳንቶ አሠራር ነው። ጥበቦቹን አንድ ላይ ቀላቅለው በራሳቸው ስም አዲስ ሥርዓት አላወጡም። በሎስ አንጀለስ አጠገብ በማሪና ዴል ሬይ ባቋቋሙት አካዳሚ ጂት ኩን ዶ፣ ካሊ፣ ሲላት፣ ሙአይ ታይና ሌላውም ጥበብ እያንዳንዱ በየስሙና በየሥርዓቱ ይሰጣል፤ ተማሪው የሚማረው የማን እንደ ሆነ ያውቃል። ከእሳቸው የተማሩ ሰዎች አብዝተው የሚያነሡት ነገርም ይህንኑ ይመሰክራል፦ አንድ ስልት ሲያሳዩ ይህን ያስተማሩኝ እገሌ ናቸው፣ ይህኛውን ደግሞ ከእገሌ ቤት ነው ያገኘሁት እያሉ የመምህራኑን ስም ይጠራሉ። ያ በአስፓራገስ እርሻ ወገቡ የጎበጠ ማኖንግ፣ ሞቶ ስሙ ሊረሳ ይችል የነበረው ሽማግሌ፣ ዛሬ በአውሮፓና በእስያ አዳራሾች ስሙ የሚነሣው በዚህ ልማድ ምክንያት ነው። በ1980 ዓ.ም. ስለ ፊሊፒናውያን የፍልሚያ ጥበብ ያሳተሙት መጽሐፍም የእነዚያን ሽማግሌዎች ሥራ ከቃል ወደ ጽሑፍ ካሸጋገሩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ የብዛትና የጥልቀት ጥያቄ መልሱ በመምህራኑ ቁጥር ላይ አይደለም። ሰው ለያንዳንዱ መምህር ስንት ዓመት ሰጠ፣ የተቀበለውንስ በታማኝነት መለሰ ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ኢኖሳንቶ ላኮስቴን ለዓመታት ደጅ ጠኑ፤ በጁጂትሱ እያንዳንዱን ቀበቶ በየተራው ጠብቀው ታጠቁ፤ ሰማንያኛ ዓመታቸውን ካለፉም በኋላ ማስተማርንና መማርን አልለዩም። ብዙ የዞሩ ናቸው፤ ነገር ግን በየደረሱበት ተቀምጠዋል።

## ለእኛ የሚተርፈው

በአገራችን ከተሞች በየወጣት ማዕከሉ፣ በየቀበሌው አዳራሽና በየትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ማለዳ ተነሥተው ካራቴና ቴኳንዶ የሚለማመዱ ልጆች ብዙ ናቸው። የሚያስተምሯቸውም አብዛኞቹ ከራሳቸው ኪስ እያወጡ ጊዜያቸውን የሚሠዉ ሰዎች ናቸው። የዚህ ታሪክ ምክር ከሁሉ አስቀድሞ ለእነርሱ ነው። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ መምህር፣ በማያውቀው ጥበብ ነጭ ቀበቶ ታጥቆ የሚሰለፍበትን ሌላ ቤት ይፈልግ፤ ተማሪዎቹም ይህን ሲያደርግ ይዩት፤ ትሕትናን በቃል ከመስበክ ይልቅ እንዲህ በሥራ ማሳየት ይበልጣል። ያስተማሩትን ሰዎች ስም አይደብቅ፤ ከእሱ በፊት የነበሩትን ያላወቀ ተማሪ ነገ እሱንም አያውቀውምና።

ሁለተኛው ምክር ለሁላችን ነው። ኢኖሳንቶ በጃፓንና በቻይና ጥበብ ከሠለጠኑ በኋላ፣ የአባቶቻቸው ሀብት ባደጉበት መንደር በሽማግሌዎች እጅ እንዳለ አገኙ፤ የደረሱትም ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ነው። በኢትዮጵያም የትግሉን፣ የዱላ ምክቶሹን፣ የፈረስ ጉግሱን ስልት የሚያውቁ አረጋውያን በየወረዳው አሉ፤ የያዙት ዕውቀት አብዛኛው አልተጻፈም። የማርሻል አርት አፍቃሪ የሆነ ወጣት ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አያቱ አገር ሲሄድ፣ ደብተርና እርሳስ ይያዝ፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ፈልጎ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ይጠይቅ፣ ይጻፍም።